አንድ ከአርባ አራት

እንቅልፍ እምቢ ካለ እምቢ ነው፣ ልመና አይገባውም፣ እኔ ግን እለምነዋለሁ፣ ትራሱን ገልብጬ ቀዝቃዛውን ጎን ወደ ጉንጬ አድርጌ እንደ ሕፃን አባብለዋለሁ፣ እኩለ ቀን ነው፣ በዚህ ሳምንት ፈረቃዬ የሌሊት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስዘረጋ አድሬ ክንዴ የኔ አይመስለኝም፣ መጋረጃው ወፍራም ቢሆንም በጠርዙ ብርሃን እንደ ክር ይገባል፣ ታች መንገድ ላይ አንድ ሰው መኪናው አልነሳ ብሎት ቁልፉን ደጋግሞ ያዞራል፣ ስልኬ ደረቴ ላይ ናት፣ በተነፈስኩ ቁጥር ከፍ ዝቅ ትላለች። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፣ ተረቱ አንድ ልጅ ስላላት እናት ነው፣ ዛሬ እኔ ገልብጬዋለሁ፣ እንቅልፍ ያጣሁት ልጂቱ ነኝ፣ አንድ የቀረው ደግሞ የእናቴ ዓይን ነው። ግራው ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙን በዚች ሰዓት ሐኪሞች እየከፈቱት ነው። አጠገቧ ሆኜ እጇን መያዝ ነበረብኝ፣ ቃል ገብቼ ነበር፣ አልሄድኩም፣ ለምን አልሄድሽም ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር መልሱ አጭርና አሳፋሪ ነው፣ ካርታ ተበልቼ። ተበልቼ ብቻም አይደለም፣ በኋላ የተበላሁትን ቢመልሱልኝ እንኳ እምቢ ብዬ። እንግዲህ አሁን ተኚ!

የምሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፣ ከሦስት ሆስፒታል አንሶላና የሐኪም ጋዋን በትልልቅ ከረጢት ይመጣል፣ ታጥቦ ደርቆ ተተኩሶ ይመለሳል። ትልቁ መተኮሻ ፊት ሁለት ሰው ይቆማል፣ አንሶላውን ከሁለት ጫፍ ይዘን እናራግፈውና ለሚሽከረከረው ጥቅልል እናጎርሰዋለን፣ ጣት አብሮ እንዳይገባ ነው ጥበቡ። ሌላኛውን ጫፍ የምትይዘው ሳቂታዋ ናት፣ ስሟ ሌላ ነው፣ ግን ማሽኑ ሲቆምም ትስቃለች፣ ሲነሳም ትስቃለች። አገሬ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሂሳብ አስተምሬአለሁ፣ እዚህ ማንም ያንን አያውቅም ነበር፣ እኔም አልተናገርኩም፣ ማን ጠይቆኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ምሳዬን የበላሁት በእሳት አደጋ መውጫው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው፣ ማንም አላባረረኝም፣ ቋንቋው ስላልገባኝ ሲስቁ በእኔ የሚስቁ ይመስለኝ ነበር፣ የብረት ደረጃ በጋም ክረምትም ይቀዘቅዛል፣ ከታች ያለውን የቆሻሻ በርሜል እያየሁ እበላለሁ፣ ስልክ ስደውል ለእናቴ «ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ነው የምበላው» እላታለሁ፣ «ጎሽ፣ ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» ትለኛለች።

አንድ ዝናባማ ቀን ሹፌሩ ሲጋራ ሊያጨስ በሩን ከፈተው፣ ቆሻሻውን ልብስ አምጥቶ ንጹሑን የሚወስደው ሰው ነው፣ ትከሻው በሩን ይሞላል። ዝናቡ ሳህኔ ውስጥ ሲገባ አየ።

«አንቺ፣ ካርታ ትችያለሽ?»

«አባቴ ይችል ነበር» አልኩ፣ ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

«እሱ የለም፣ አንቺ ግቢ» አለኝ።

ገባሁ። ይሄው ነው። ተመስገን የምለው ነገር ሲቆጠር ከላይ የሚሆነው ያ በር ነው፣ ሌላውን ሁሉ እግዜር በተራው ይቀበለኛል። ምሳ ክፍሉ ውስጥ ክብ ጠረጴዛ አለ፣ ሹፌሩ፣ ሳቂታዋ፣ ማሽኖቹን የሚጠግኑት ሽማግሌው መካኒክ፣ አራተኛው ወንበር ባዶ ነበር፣ ሰውየው ጡረታ ወጥቶ። የሚጫወቱት ፖከር ነው፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል፣ አምስት ደግሞ ለሁሉም የሚሆን ጠረጴዛው ላይ እየተገለጠ ይሄዳል፣ ከሰባቱ የተሻለ አምስት ያቀናጀ ይበላል። በገንዘብ አይደለም፣ በአዝራር ነው፣ ከጋዋንና ከፒጃማ ተበጥሶ ማጠቢያው ወንፊት ላይ የሚቀረውን አዝራር ሽማግሌው ለዓመታት በቆርቆሮ ጣሳ አጠራቅመዋል። ነጭ አንድ፣ ሰማያዊ አምስት፣ ባለ አራት ቀዳዳው ትልቅ ቡናማ አሥር። አንድ ቀን ሳቂታዋ ስታሰላስል ቸኩዬ ቁጥሩን ነገርኳት፣ «ይህን ካርታ የማግኘት ዕድልሽ ከአምስት አንድ ነው» ብዬ፣ ሦስቱም ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው «መምህርት» ይሉኛል፣ በዚህ አገር በሥራዬ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው።

ለእናቴ ግን ካርታ እጫወታለሁ አልላትም፣ ብሞት አልላትም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል፣ አባቴ ቁማርተኛ ነበር፣ ነፍሱን ይማር፣ መጀመሪያ ራዲዮኑን፣ ቀጥሎ የግድግዳ ሰዓቱን፣ በመጨረሻ የእናቴን የልብስ ስፌት መኪና ተበላ። የስፌት መኪናዋን የበላው ሰው ቤት የተላክሁት እኔ ነኝ፣ አሥር ዓመቴ ነው፣ «እባክዎ ይመልሱልን» በይ ተብዬ፣ በሩ ላይ ቆሜ እላለሁ፣ ሰዎቹ ከውስጥ ይስቃሉ፣ «ለልጅቷ ስንል» ብለው በጋሪ ጭነው መለሱልን፣ ጎረቤት ሁሉ ደጁ ላይ ወጥቶ ያያል፣ እኔ ከጋሪው ኋላ አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ። ማታ እናቴ ካርታዎቹን አንድ በአንድ ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው። እናም አሁን እኔ፣ የዚያች ሴት ልጅ፣ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ እጄን የሚበላኝ።

ባሸንፍ እንኳ መልካም ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ አሸንፍ ነበር፣ ከዚያ ዕድሌ ዞረ፣ ሁለት ወር ሙሉ ዞሮ ቀረ። ሰው በስህተቱ ቢሸነፍ ራሱን ይወቅሳል ይገላገላል፣ እኔ ግን ትክክል እየሠራሁ ነው የምሸነፈው፣ ያ ነው የሚያንገበግበው። ሁለት ንጉሥ እይዛለሁ፣ ሹፌሩ ሁለትና አምስት ይዞ ይገባል፣ ማንም ጤነኛ የሚጥለውን፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለትና አምስት ይወጣለታል። አምስት ባለ ልብ ካርታ ልሞላ አንድ ሲቀረኝ ልብ ከዓለም ይጠፋል። ሰማዩ ዳቦ ቢያዘንብ እኔ ጥርሴን ያመኛል። ተማሪዎቼን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በትልቁ «ዕድል ትዝታ የለውም» ብዬ እያጻፍኩ ያስተማርኩ ሴትዮ፣ ሳንቲም አሥር ጊዜ ዘውድ ቢወድቅ አሥራ አንደኛው አያውቀውም ብዬ የተከራከርኩ፣ ወንበር ቀየርኩ፣ ካልሲ ቀየርኩ፣ አንድ ሳምንት ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተጫወትኩ፣ ሳቂታዋ ቦርሳውን ባየች ቁጥር ልትሞት ትደርሳለች። ሽማግሌው ብቻ አይስቁም።

«ካርታው አያውቅሽም መምህርት፣ በአንቺ ላይ ምንም የለውም» ይሉኛል።

«እሱ ባያውቀኝም እኔ አውቀዋለሁ» እላቸዋለሁ፣ እየበወዝኩ።

እንዲህ እያለ ወሩ መጣ። የዓይን ሐኪሞቹ እናቴ ያለችበት ከተማ የሚመጡት በዓመት አንድ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ነው፣ ሁለት ዓመት አመለጧት፣ አመለጧት ሳይሆን አመለጠቻቸው፣ «አንቺ ካልመጣሽ እጄን ካልያዝሽ አልገባም፣ ያለችኝ እሷው ናት፣ እሷንም ቢያጠፉብኝስ» እያለች። እኔ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም፣ ከወጣሁ አልመለስም፣ በየመሥሪያ ቤቱ የወረፋ ቁጥር እየቆረጥኩ ወንበር ላይ ስቀመጥ ስነሳ ስምንት ዓመት ሄደ፣ ዘንድሮ ደብዳቤው በፖስታ መጣ፣ ዘጠነኛ ዓመቴ ላይ፣ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ የደረጃውን መብራት ደጋግሜ እያበራሁ። ደወልኩላት። «እመጣለሁ እማዬ፣ ዘንድሮ እጅሽን እይዛለሁ» አልኳት። ሐኪሞቹ ለሚመጡበት ሰሞን የሁለት ሳምንት የዕረፍት ፈቃድ ለመጠየቅ ስሄድ ግን ያንኑ ጊዜ አራታችንም ጠይቀነዋል። አለቃችን ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ከክፍሉ ከአንድ ሰው በላይ መልቀቅ አይችሉም፣ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ተነጋግራችሁ አንድ ስም ጻፉበት፣ ካልተስማማችሁ ለማንም የለም» ብለው ሄዱ።

ለምን አልተናገርኩም? ስለ እናቴ ዓይን አንድ ቃል ብተነፍስ ያኔውኑ ይተውልኝ ነበር፣ አሁን አውቃለሁ። ግን አፌ ላይ ሲደርስ ያ ጋሪ መጣብኝ፣ ለልጅቷ ስንል። ሌሎቹም ምክንያታቸውን አልተናገሩም፣ ሹፌሩ «በካርታ እንጨርሰው፣ ሁሉንም አዝራር የወሰደ ስሙን ይጻፍ» አለ፣ ሳቂታዋ ሳቀች፣ እኔ እሺ አልኩ፣ ከሦስቱም በሂሳብ እሻላለሁ ብዬ፣ ዕድልም ቢሆን ሲጠግብ ይለቀኛል ብዬ።

እኩል እፍኝ እፍኝ አዝራር ያዝን። ሳቂታዋ ቶሎ አለቀባት፣ ከዚያ ሹፌሩ፣ ወንበሩን ገፍቶ ክንዱን አጣጥፎ ከኋላዬ ቆመ። እኔና ሽማግሌው ቀረን። ሁለት ካርታዬን በአውራ ጣቴ ገልጬ አያለሁ፣ ንግሥት፣ ንግሥት።  ጠረጴዛው ላይ ሦስት ይገለጣሉ፣ ንግሥት፣ ሰባት፣ ሁለት። ሦስት ንግሥት ሆነልኝ። አራተኛው ወጣ፣ ሌላ ሰባት። ሦስት ንግሥትና ሁለት ሰባት፣ በዓመት አንዴ የሚገኝ እጅ። ሽማግሌው የዘይት ምልክት ያለበትን ጣታቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ቆዩና አዝራራቸውን በሁለት እጃቸው ወደ መሀል ገፉት። ሁሉንም። እኔም ገፋሁ፣ ካርታችንን ገለጥን። የያዙት አንድ ሰባትና ዘጠኝ ነው። ሦስት ሰባት አላቸው፣ ከእኔ በታች ናቸው፣ የሚያድናቸው አራተኛው ሰባት ብቻ ነው፣ ካላየናቸው አርባ አራት ካርታዎች አንዱ። ራሴ ውስጥ ሻንጣ መሸከፍ ጀመርኩ፣ እውነቴን ነው፣ ለእናቴ የሚሆን ሹራብ የት እንዳየሁ ትዝ አለኝ። ሳቂታዋ የመጨረሻውን ካርታ ገለበጠች። ሰባት። በሕይወቴ ሳቂታዋ ሳትስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

«ካርታው ነው መምህርት» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ደስም አላላቸውም፣ አዝራሩንም አልሰበሰቡም። እኔ ግን በልቤ ከአንቱ ወደ አንተ አወረድኳቸው፣ አንተ ሽማግሌ፣ ልጅ የለህ ሚስት የለህ፣ ሁለት ሳምንት ምን ይሠራልሃል፣ ከማሽኖችህ ጋር ልትተቃቀፍ ነው? አልኩ፣ ከከንፈሬ ግን አልወጣም፣ «እንኳን ደስ አለዎት» ብዬ ተነሳሁ። የቀረውን ቀን አንሶላ ሳጎርስ አርባ አራት፣ አርባ አራት እያልኩ ነው፣ አርባ ሦስቱ የኔ ነበሩ፣ አርባ አራት በር ያለው ቤት ውስጥ በአንዷ ሌባ ገባ። ሳቂታዋ «ጣትሽን!» ብላ ጮኸችብኝ፣ ጥቅልሉ ጋ ደርሼ ነበር።

ለእናቴ ደወልኩና ዋሸሁ። አለቃዬ ከለከለኝ አልኳት።

«ምን ያለ ሰው ነው? እናት የለውም?»

«እንጃለት እማዬ።»

«እጁ ይሰበር!» አለች፣ ከልቧ ነው የረገመችው፣ ስትራገም ድምፅዋ ይቀጥናል። በማግስቱ አለቃችን ጓንቴ መቀደዱን አይተው አዲስ ይዘውልኝ መጡ፣ በዚያ ይሰበር በተባለው እጃቸው፣ «ያንቺ ቁጥር ትንሽ ነው አይደል?» እያሉ። አመሰገንኳቸው፣ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

ምሳዬን ይዤ ወደ ደረጃው ተመለስኩ። አንድ ቀን፣ ሁለት፣ ሦስት። በርሜሉን አያለሁ። ኩርፊያ መሆኑን አውቃለሁ፣ አርባ ሰባት ዓመት የሞላት ሴት በሰባት ቁጥር ስታኮርፍ። በአራተኛው ቀን በሩ ተከፈተ፣ ሳቂታዋ ካርታ ይዛ ወጣች፣ «ሦስት ሰው ጨዋታ አይሆንም፣ አሰልቺ ነው፣ እነዚህ ሁለት ወንዶች አይስቁም» ብላ አጠገቤ ብረቱ ላይ ተቀመጠች። ሹፌሩ ከላይ ደረጃ ላይ ተቀመጠ፣ ደረጃው ጮኸ። ሽማግሌው መቀመጥ አልቻሉም፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ቆሙ። አራታችን እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ተደርድረን ምሳ በላን፣ ማንም ስለዚያ ነገር አላነሳም፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሁለቱ ሲገቡ ሽማግሌው ቀሩ። ከደረት ኪሳቸው ቅጹን አወጡ፣ በአራት ታጥፏል።

«ሹፌሩ ነገረኝ» አሉ፣ «አንድ ቀን ስልክ ላይ ‹እማዬ› ስትይ ቃናሽን ሰምቶ፣ እናትሽ አሟቸዋል ብሎ ገምቷል። እንቺ፣ ስምሽን ጻፊበት።»

«እርስዎስ? ለምን ፈልገውት ነበር?»

 «ወንድም አለኝ» አሉ። «ታላቄ ነው። በማይረባ ነገር ተጣልተን አሥራ አራት ዓመት አልተያየንም። ባለፈው ወር ‹ና፣ ሁለታችንም እያረጀን ነው› ብሎ ጻፈልኝ። ሌላ ጊዜም እሄዳለሁ።»

ወረቀቱን የያዘው እጃቸው ወደ እኔ ተዘረጋ፣ ያ ጥርስ የሚያህል ብሎን በጨለማ የሚያጠብቅ እጅ። ቅጹን ተቀበልኩ። እስክሪብቶ ሰጡኝ። እናም እዚያ ብረት ደረጃ ላይ በጋሪው ኋላ የምትሄደው ልጅ ቀና አለች፣ ወይም ትዕቢት ነው፣ ወይም ደግሞ የአሥራ አራት ዓመት ነገር ነው፣ ሁለታችሁም እያረጃችሁ ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር እንደሌለ እኔ ስለማውቅ ነው፣ አላውቅም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሳቸውን ስም ጻፍኩበት።

«ተበልቻለሁ» አልኳቸው። «የተበላ ይከፍላል። ይሂዱ።»

«መምህርት—»

«ይሂዱ አልኩ እኮ አባባ።» ለመጀመሪያ ጊዜ አባባ አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ የማሽን ዘይት ይሸታል።

ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ለእናቴ ደወልኩ፣ ካሰብኩበት አልናገረውም ብዬ በአንድ ትንፋሽ ነው የነገርኳት። አለቃዬ አልከለከለኝም እማዬ፣ በካርታ ተበልቼ ነው፣ ሰውየው ልመልስልሽ ቢለኝም አልቀበልም አልኩ፣ ይቅር በይኝ።  መስመሩ ውስጥ የሩቅ ጫጫታ ይሰማል፣ የሆነ ቦታ ውሻ፣ የሆነ ቦታ የቆርቆሮ በር። ቆጠርኩ፣ እስከ ሃያ ደረስኩ፣ ዘጋችብኝ ብዬ ስልኩን አየሁት፣ አልተዘጋም።

«ምን ይዘሽ ነበር?» አለች።

«ምን?»

«እጅሽ ላይ ነዋ። ምን ይዘሽ ነው የተበላሽው?»

«ሦስት ንግሥት… ሁለት ሰባት።»

«እሱስ?»

«አራት ሰባት። የመጨረሻው ካርታ ነው ያመጣለት።»

«ውይ!» አለች፣ ከልቧ፣ ልክ ብርጭቆ የተሰበረባት ያህል። «ሦስት ንግሥት ይዘሽ! አይ ልጄ፣ ይሄማ የእግዜር ነው። አባትሽ እኮ ባዶ እጁን ነበር የሚሸነፈው፣ ዘጠኝ እንኳ ሳይዝ፣ ደረቱን ነፍቶ።»

«እማዬ፣ ካርታ ታውቂያለሽ እንዴ?»

«አባትሽ ከማን ጋር የተለማመደ ይመስልሻል? እናንተ ስትተኙ ከእኔ ጋር ነዋ። ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የማሸንፈው።»

«ታዲያ ለምን አቃጠልሽው?»

ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ከእኔ ጋር መጫወት ትቶ ከሰው ጋር ሄደብኝ» አለች። «ዕቃውማ ዕቃ ነው። እኔ ያናደደኝ እሱ ነበር።» ከዚያ ድምፅዋ ወደ ጥንቱ ተመለሰ። «አንቺ ግን ለምን ዋሸሽኝ? የሰው ልጅ እጁ ይሰበር አሰኘሽኝ፣ አሁን ማን ሊያነሳልኝ ነው? ነገ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እርግማኔን አነሳለሁ።»

«እሺ እማዬ።»

«ሐኪሙ ጋ ወንድምሽን ይዤ እገባለሁ።»

«እሱ ደም ሲያይ ይወድቃል እኮ።»

«ይውደቅ! አንቺ አራት ሰባት ችለሽ እኔ አንድ መርፌ አልችልም? ተይኝ።»

በአርባ ሰባት ዓመቴ እናቴን እንደገና ተዋወቅኳት፣ ያን ቀን ጫማዬን እንዳደረግሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስስቅ፣ ስስቅ ደግሞ ሳለቅስ፣ ከላይ ያለው ተከራይ ወለሉን መታብኝ።

ያ ግን ያን ቀን ነው። ዛሬ ሌላ ቀን ነው፣ ዛሬ መጋረጃው፣ ክር የምታህለዋ ብርሃን፣ ደረቴ ላይ ያለች ስልክ። ስድስት ሰዓት ገደማ እንጨርሳለን ብለዋል፣ የእነሱን ሰዓት ወደ እኔ እቀይራለሁ፣ እንደገና እቀይራለሁ፣ ሂሳብ አስተማሪ ሆኜ ሁለቴ የተለያየ መልስ አገኘሁ። ከመቶ ዘጠና አምስቱ ይሳካል ይላሉ፣ አውቃለሁ፣ ቁጥሩን አንብቤዋለሁ፣ ግን እኔ ከአርባ አራት አንዷን ያገኘሁ ሴትዮ ነኝ፣ ዘጠና አምስት አያስተኛኝም። እጇን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ቅጹ እጄ ላይ ነበር፣ እስክሪብቶውም። ቢጠፋስ፣ በጨለማ ስትቀር ምን እላታለሁ፣ ለአንድ ሽማግሌ ወንድም ሰጠሁት ልበላት? እግዜር ሆይ፣ ካርታውን ውሰደው፣ አዝራሩን በሙሉ ውሰደው፣ ዕድሜ ልኬን ሁለትና አምስት አድለኝ፣ እሷን ብቻ። ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። ተቀምጫለሁ፣ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም።

«ሄሎ? የእማማ ልጅ ነሽ?» የሴት ድምፅ ነው፣ ወጣት። «ነርሷ ነኝ። እህቴ አትደንግጪ፣ አንድ ሰው ወድቆብን ነው የደወልኩት።»

«ማን ወደቀ? እናቴ?»

«ኧረ እናትሽ ደህና ናቸው! ወንድምሽ ነው። ሐኪሙ ገና ጓንት ሲያጠልቅ ሄደ፣ ግንባሩን ሁለት ቦታ ሰፍተንለታል።» ከኋላዋ ድምፅ ይሰማል፣ የማውቀው፣ «ስጪኝ እስቲ» የሚል፣ ከዚያ እናቴ።

«ልጄ፣ አለሁ። አልቋል። ዓይኔን ሸፍነውታል፣ ነገ ይፈታል አሉ፣ ሐኪሙ ጥሩ ነው ብሏል።»

«እማዬ! አላመመሽም? ብቻሽን—»

«የምን ብቻዬን? ይህን ጎረምሳ አጠገቤ ባለው አልጋ አጋድመውት እጁን ይዤ ነው የተኛሁት። ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱን አይዞህ ስል የራሴን ፍርሃት ረሳሁት፣ ምኑንም ሳላውቀው አለቀ።»

«እታለም፣ ውሸቷን ነው፣ አልተንቀጠቀጥኩም» ይላል ወንድሜ ከሩቅ፣ በደከመ ድምፅ። ተመስገን አልኩ፣ ስልኩን ሳልዘጋ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ተመስገን፣ ተመስገን፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ከዚያ ተኛሁ፣ ድንጋይ ሆኜ፣ የመነሻውን ደወል አልሰማሁም፣ ሥራ ዘግይቼ ደረስኩ፣ ሳቂታዋ ሁለቱንም ጫፍ ብቻዋን ይዛ እየሮጠች አገኘኋት።

በማግስቱ ፈረቃ ሳይጀመር ግቢው ውስጥ ቆመናል፣ ፀሐይዋ ገና አለች፣ ሹፌሩ ከረጢት እያወረደ ነው። ስልኩን አውጥቶ አሳየን፣ ሽማግሌው ፎቶ ልከዋል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ዓይነት ጆሮ፣ አንድ ዓይነት ቁጣ ያለበት ቅንድብ፣ በመካከላቸው ሦስተኛ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት፣ የአንደኛው እጅ ግን በክፍተቱ ላይ ተሻግሮ የሌላኛው ትከሻ ላይ ነው። ሳቂታዋ ለረጅም ጊዜ አየችውና «በጣም አስቀያሚ ናቸው» ብላ ዓይኗን ጠረገች። ያኔ የኔ ስልክ ጮኸ፣ በምስል። አነሳሁት። መጀመሪያ ጣሪያ፣ ከዚያ የወንድሜ አፍንጫና ግንባሩ ላይ ያለው ፋሻ፣ ከዚያ እየተንቀጠቀጠ ዞሮ እናቴ። ዘጠኝ ዓመት ስንነጋገር ወደ ስልኩ ጎን ነበር የምታየው፣ «ጥላሽን አየሁት» ትለኝ ነበር። አሁን ቀጥ ብላ ወደ እኔ ታያለች። ቀኝ ዓይኗ ቀልቷል፣ ያነባል፣ አይርገበገብም።

«ቀረብ በይ» አለች።

ቀረብኩ።

«አይ፣ ራቅ። ወደ ፀሐይዋ ዞር በይ። ምንድነው ፀጉርሽ ላይ ያለው፣ ዱቄት ነው?»

«ሽበት ነው እማዬ።»

«ውይ!» አለች፣ ቀስ ብላ። ጣቷ ወደ ስልኩ መጣ፣ ትልቅ ሆኖ ምስሉን ሸፈነው፣ ተመለሰ፣ ግንባሬን ልትነካ ነው መሰለኝ። እኔ መናገር ጀመርኩ፣ ሁሉንም በአንዴ፣ ያምሻል ወይ፣ ጠብታውን በሰዓቱ አድርጊ፣ እንዳታጎነብሺ፣ በሚቀጥለው ፈቃድ እመጣለሁ፣ ይቅር በይኝ፣ አጠገብሽ መሆን ነበረብኝ፣ እኔ እኮ—

«ዝም በይ እስቲ» አለች እናቴ፣ «እያየሁሽ ነው።»